መንገደኛው ጠርሙስ

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ነሐሴ 10 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣
ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እማ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ የደሴን ዳገት እንዴት ቻለው? እህቴ ፈህሚያስ፣ አራስነቱ እንዴት ይዟታል? ሕፃኗስ ቀኑን ተኝታ ሌሊቱን ማልቀሷን ተወች ወይስ ገና ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ፣ በየአምስት ቀኑ ከሚመጣው የቧንቧ ውሃና በጽሑፍ አቅርብ ከተባልኩት ማብራሪያ በስተቀር ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ዝናቡ የኩሽናውን ቆርቆሮ በአንድ ጥግ ገልጦት ነበር፤ ሥሩ ባልዲ አስቀምጬ ጣሪያው ተጠገነ ብያለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። አንቺ ስልክ ስትይዢ ድምፁን ከፍተሽ መሀል ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፤ አራሷም፣ አማቷም፣ ሊጠይቅ የመጣው ጎረቤትም አብሮ ይሰማል። ባለፈው ስለ ሥራዬ ስነግርሽ አንድ የማላውቀው የደሴ ሰው ከጀርባ «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ። ሰውየውን አመሰግነዋለሁ፤ ይኼን ግን እሱ እንዲሰማው አልፈልግም። ፈህሚያም እንድታነብልሽ አልፈልግም። መነጽርሽን አድርገሽ፣ በመሠረተ ትምህርት እንደተማርሽው በጣትሽ እየተከተልሽ፣ ቀስ ብለሽ ብቻሽን አንብቢው። ፊደሌንም ለዚሁ ብዬ አጉልቼዋለሁ።

ነገሩ የአያ የሻው ነገር ነው። የላቦራቶሪ ረዳታችንን ማለቴ ነው፤ ያን ቀጭኑን፣ ቡልኮ ደርቦ ዒድ ሲሆን ሊጠይቅሽ የሚመጣውን። በቀደም በስልክ «ያ ጸበል ጨማሪ የልጄን የሦስት ዓመት ድካም ገደል ከተተው፤ እጁ ይድረቅ» አልሽኝ። አንጀትሽ ስለነደደ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ያንኑ ለጎረቤታችን ለሐዲጃም ደውለሽ ነግረሻታል። የሐዲጃ ልጅ ደግሞ የክፍላችን ጸሐፊ ናት። ማክሰኞ ደሴ ላይ የተናገርሽው ሐሙስ ጠዋት ኃላፊያችን ዶክተር ኃይለ ማርያም ጠረጴዛ ላይ ነበር። እማ፣ አንድ ደብዳቤ ከፎቅ ወደ ምድር ለመውረድ አንድ ወር በሚፈጅበት ግቢ ውስጥ እንዲህ የፈጠነ ነገር አይቼ አላውቅም። በዚህም የተነሣ ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ከሠራበት ቤት ሊባረር ደርሶ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ።

ስለ ሥራዬ በጠየቅሽኝ ቁጥር «መድኃኒት ነው» እያልኩ ሳልፍሽ ኖሬያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የምሠራው ይኼን ነው። የአንገትሽ ድሪ የተሠራበትን ብር በኬሚካል ከሟሟበት አውጥተን፣ ውሃ ውስጥ ደቃቅ ብናኝ እናደርገዋለን። ደቃቅ ስልሽ እንደ በርበሬ አይደለም። አንዲት የፀጉርሽን ዘለላ ውፍረቷን ሺህ ቦታ ብትሰነጥቂያት፣ አንዷ ስንጣቂ ከኔ ብናኝ ትወፍራለች። ይኼን ያህል ያነሰ ነገር ጠባዩም ይለወጣል፤ ብር መሆኑን ይረሳና ውሃውን እንደ ብርዝ ቢጫ ያደርገዋል። ሐሳባችን መድኃኒቱን በብናኞቹ ላይ ጭኖ፣ በቅባት መልክ ያን ፊት የሚያቆስለውን ቁንጭር መቀባት ነው። የቁንጭር ተሕዋስ እኮ የሚደበቀው ሰውነትን ሊጠብቁ የተቀጠሩት ሴሎች ሆድ ውስጥ ነው፤ ሌባ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እንደመተኛት። ትልቅ ነገር እዚያ አይገባም፤ ትንሽ ነገር ግን ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ይችላል ነው ያልኩሽ፤ ገና አልታወቀም። ለማወቅ ነበር አዲስ አበባ የምንልከው። ተሕዋሱን በብልቃጥ አርብተው የሚሞክሩት እነሱ ናቸው።

ብናኞቹ ሳይሰምጡ የሚቆዩት ስለማይዋደዱ ነው። አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ተራርቀው ይኖራሉ። ጨው ወይም የአለት ማዕድን ያለበት ውሃ ጠብ ካለባቸው ግን እንደ ሽማግሌ መሀላቸው ይገባል። ይታረቃሉ፤ ይተቃቀፋሉ፤ እንደተቃቀፉ ይሰምጣሉ። ብርዙ የዕቃ እጣቢ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። እርቅ የሚያበላሸው ነገር ይኖራል ብለሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሦስት ዓመት የለፋሁት በሱ ላይ ነው። ይኼን አንድ ነገር ልብ በይልኝ፤ ብናኞቹ ውሃው ከየት እንደመጣ አይጠይቁም። የቧንቧም፣ የምንጭም፣ የማንም ይሁን፣ ማዕድን ካለበት ለነሱ ያው ነው።

ለዚህ ነው ጥርት ያለ ውሃ ስጡኝ እያልኩ ስለምን የኖርኩት። የውሃ ማጣሪያችን የተቃጠለው አምና ጥቅምት ላይ ነው። ከጋራዥ የባትሪ ውሃ ገዝቼ ሞከርኩ፤ ለማኪና ይሆን ይሆናል። የግዥ ክፍል የብሩን ኬሚካል ስጠይቀው «ስንት ኪሎ?» አለኝ። አሥር ግራም ስለው ከኪሎ በታች ጨረታ አይወጣም አለ። ከስንት ምልልስ በኋላ ሥራው ሲጀመር ደግሞ የንብረት ክፍሉ ሰው መጥቶ በሠራሁት ነገር ላይ ቁጥር ልለጥፍ አለ። ብናኝ ነው፣ በዓይን አይታይም አልኩት። «የማይታይ ንብረት ቅጽ የለኝም» ብሎ ተቆጥቶኝ ሄደ።

በመጨረሻ ውሃውን ያመጣልኝ አያ የሻው ነው። የኮሶዬ ሴቶች አረቄ በሚያወጡበት ብልሃት፣ ከድስትና ከብርጭቆ ቱቦ ማጣሪያ ሠራ። አረቄ ያልነካው ዕቃ መሆኑን ሳልጠይቀው ሦስት ጊዜ ማለልኝ። ጠብታ በጠብታ የወጣው ውሃ እንዲያ ጥርት ያለ ነበር። እሱ ባይኖር ሦስቱም ዓመት ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

እንዲህ የሚተጋበት የራሱ ምክንያት አለው። ትርንጎ የምትባል ታናሽ እህት አለችው። ኮሶዬ በደባርቅ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራት። ቁንጭር ከጉንጯ ተነሥቶ አፍንጫዋ ላይ ወጣባት። ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ ግን ይኼን ለሾፌር ማን ይንገረው? ከእጇ መብላት ተዉ። ሃያ ስምንት ቀን መርፌ ታዞላት በዘጠነኛው ቀን ጥላው ጠፋች፤ መርፌው ጉማሬ አለንጋ ነው፣ ደግሞ ቤቴን ማን ይክፈትልኝ አለች። የምንሠራውን ቅባት ሲሰማ አያ የሻው «መምህር፣ ለትርንጎ መቼ ይደርሳል?» አለኝ። ሁሉም ቢሳካ አምስት ዓመት አልኩት። «አፍንጫዋ እስከዚያ ይጠብቃል ብለህ ነው?» አለኝ። «ብቻ በርታ» ብሎ ወደ ድስቱ ተመለሰ።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ በመጋቢት ላክን። ብርሃን ስለማይወድ አያ የሻው በጥቁር ወረቀት፣ ከዚያ በጥጥ ጠቅልሎ፣ ሣጥን ውስጥ አስተኝቶ ለአውቶቡስ ሾፌር ሰጠው። በሦስተኛው ቀን የአዲስ አበባዋ ዶክተር አምሳል ደወለችልኝ። «እጣቢውን ልካችሁልኛል፤ ሳህኑስ የታለ?» አለችኝ። ሾፌሩን ረገምኩት፤ መንገዱ አናውጦት ነው አልኩ።

ሁለተኛውን በግንቦት ራሴ አቅፌ ሄድኩ። ማክሰኝት ላይ በጉን ጣሪያ አስጭኖ የገባ ሰው ከጎኔ ተቀመጠና «ምንድን ነው እንዲህ የምታቅፈው?» አለኝ። «ብር ነው» ብዬው እስከ ባሕር ዳር ዓይኑን ከጭኔ አልነቀለም። ዶክተር አምሳል ፊት ወረቀቱን ስገልጠው ያው እጣቢ። አሁን ደግሞ የዓባይን በረሃ ሙቀት ረገምኩ።

ጎንደር ተመልሼ መደርደሪያውን ሳይ ነው የደነገጥኩት። ከአንድ ዕቃ የቀዳኋቸው፣ የቀሩት ጠርሙሶች እንደ ብርዝ ቢጫ ናቸው። የሄደው ብቻ ነው የሚበላሸው። አያ የሻውን ጠርቼ ጠየቅሁት። አልደበቀኝም። «አዎ፣ ሁለት ሁለት ጠብታ የቁስቋም ጸበል አድርጌበታለሁ። ምነው መምህር፣ መንገደኛ እኮ ነው! መንገደኛ ያለ ምርቃት ይሸኛል? ያ መደርደሪያ ላይ ያለውማ ወዴትም አይሄድ፣ እሱን ምን ብዬ እነካዋለሁ?» አለኝ። ስለ ማዕድኑና ስለ እርቁ አሁን ለአንቺ እንዳስረዳሁሽ አስረዳሁት። ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያ የትርንጎን አፍንጫ የበላሁት እኔ ነኝ በለኛ» አለ። ሁለተኛ ላይነካው በማርያም ስም ማለ፤ የላቦራቶሪውንም ቁምሳጥን ቁልፍ በራሱ እጅ ሰጠኝ።

ሦስተኛው የመጨረሻችን ነበር። ከሰኔ ካለፈ የአዲስ አበባው የሙከራ ተራ ለሌላ ይሰጣል ተብለናል። አንዱን ሥራ ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን ላቦራቶሪው ውስጥ እሱ ጋ ተውኩ፤ የሚሄደውን ግማሽ ይዤ እቤት መጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሱ ሸሽቼ ነው ያመጣሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ፍሪጅሽ ውስጥ ከእርጎው ጎን አስቀምጬ «እማ፣ ነገ ይዤው የምሄደው ይኼ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለኝም» አልኩሽ። «አላህ ያውቃል» አልሽኝ። በማግስቱ ማለዳ ስነሣ ቦርሳዬን አሰናድተሽ፣ ጠርሙሱንም አንቺው በፎጣ ጠቅልለሽ ጠበቅሽኝ። በሩ ላይ እጅሽን ዘርግተሽ ረጅም ዱዓ አደረግሽልኝ። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

ዶክተር አምሳል በዚህኛው አልቀለደችም። ፎጣውም ወረቀቱም ሲገለጥ ያንኑ እጣቢ አየች፣ እኔን አየችኝ፣ «ወንድሜ፣ ለዘንድሮ ይበቃል» አለችኝ። ሻይ አዘዘችልኝ። ተራችን በዚያው ሳምንት ለሌሎች ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በስልክ በከፊል ሰምተሻል። ያንቺ ወሬ ዶክተር ኃይለ ማርያም ጋ እንደደረሰ ኮሚቴ ተቋቋመ። አያ የሻውን ጠሩት። «ሁለቱን አዎ፣ ሦስተኛውን በቁስቋም ማርያም አልነካሁም» አላቸው። ቃለ ጉባኤ ያዡ «አምኗል» ብሎ ጻፈ፤ «ሁለቱን» ለምትለዋ ቃል መስመር አላገኘላትም። እኔ ግን አምነዋለሁ፣ እማ። እሱ ጋ ትቼው የሄድኩት ግማሽ ዛሬም ብርዝ እንደመሰለ ነው። ፈርቼው የሸሸሁት ሰው ጋ ያደረው ደህና ሆነ። ይኼንንም ለኮሚቴው አሳየኋቸው፤ «አንዱን ነክቶ አንዱን ትቶ ይሆናላ» አሉኝ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን አንቺ ጥቁሩን ሻርፕ በአውቶቡስ ላክልኝ አልሽኝ። ቁምሳጥንሽን ከፈትኩ። ሻርፑን ልኬያለሁ፣ ደርሶሻል። ከሻርፖቹ ሥር በነጭ ጨርቅ የጠቀለልሻትን ትንሿን ጠርሙስ አየኋት፤ ያቺን ከሐጅ ይዘሻት የመጣሽውን የመካ ውሃ፣ ዘምዘሙን። «ይቺ ለመጨረሻ ቀኔ ናት፤ ከንፈሬን ታርሱልኛላችሁ» ብለሽ እኔ ወባ ጥሎኝ እንኳ ያልከፈትሻትን። ባዶ ናት። ክዳኗ ጥብቅ ተደርጎ ተከድኗል፤ ጨርቋም እንደነበረው ተቋጥሯል። ቁምሳጥኑ ፊት ምንጣፉ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። እኔ ኬሚስት ነኝ፤ ውሃ እንደሚተን አውቃለሁ። ተንኖ ነው ብያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሳይተን የቆየ ውሃ ዘንድሮ ተነነ። ከዚህ ሌላ ምንም አላልኩም፤ ለማንም።

ማብራሪያዬን ትናንት አስገባሁ። አጭር ነው። ሦስተኛውን ጠርሙስ እቤቴ በቧንቧ ውሃ ያለቀለቅሁት እኔ ነኝ፣ አያ የሻው ምንም አላደረገም፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው ይላል። ዶክተር ኃይለ ማርያም አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «አንተ? በቧንቧ ውሃ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ይኼን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢያደርገው እጥለዋለሁ።» ልክ ነህ አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ግን የተፈረመ ወረቀት አገኘ፤ የተፈረመ ወረቀት ደግሞ ሲያነቡት ከሰው ይልቅ ይታመናል። አያ የሻው ማስጠንቀቂያ ተጽፎለት ሥራው ላይ ቀርቷል። እኔ ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ አልገባም፤ ምርምሩም ለሌላ ሰው ይተላለፋል። የሚረከበው ሰው ትናንት ማታ ደውሎ «ብሩ የት ነው የተቀመጠው?» አለኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ውሃው ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

አልዋሽሽም፣ ተናድጃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስናደድ ነው የሰነበትኩት። ችግሩ የምናደድበት ሰው ማጣቴ ነው። ሾፌሩን ተሳድቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። በረሃውንም ያለ ጥፋቱ ነው የረገምኩት። ሥራዬን ያበላሹብኝ ሁሉ መልካም የተመኙልኝ ናቸው። የሚወደኝ ሰው ትንሽ ቀነስ ቢል ኖሮ ይኼኔ ውጤት በእጄ ነበር፤ ቅነሱልኝ ብዬ ግን ማንን ልለምን?

አሁን ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ አያ የሻውን አትርገሚው። ለሐዲጃ ደውዪና «ተሳስቼ ነው፤ ልጄ ራሱ በቧንቧ ውሃ አጥቦት ኖሯል» በያት። ማክሰኞ ከነገርሻት ሐሙስ ሁሉም ይሰማል።

ሁለተኛው፣ አጎቴ ሳሊም ለመጪው ሐጅ ይሄዳል። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ዘምዘም እንዲያመጣልኝ ለምኜዋለሁ። ያንቺ ናት። ቦታዋ ላይ ራሴ አስቀምጣታለሁ፤ ቀኗ ደግሞ አላህ ያርቃት። እኔ ታምሜ ብወድቅም፣ መንገድ ብወጣም፣ እንዳትከፍቻት።

ሦስተኛው እንኳ ልመና አይደለም። ትርንጎ መርፌዋን እንደገና ጀምራለች። አያ የሻው በየጠዋቱ እየወሰዳት ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኗ ነው፤ በየቀኑ ታለቅሳለች፣ በየቀኑ ግን ትመጣለች። ቅባት አላደረስንላትም። ስታገግም ቤቷን ልትከፍት ነው። በመስከረም ስትመለሺ ኮሶዬ እንሄዳለን። ለኛ የሚሆን ሥጋ የላትም፤ ግን ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ ታቀርባለች፣ ድንች ደግሞ ቢስሚላህ ብሎ ለላጠው ሁሉ ነው። በረንዳው ላይ፣ ሾፌሮቹ ሁሉ በሚያዩን ቦታ፣ ነጭ ሻርፕሽን ለብሰሽ ከእጇ ተቀብለሽ ትበያለሽ። አንቺን የሚያህል ሐጃ ስትበላ ያየ ሾፌር ይቀመጣል። አያ የሻውም ይኖራል። ስለ ጠርሙስ ምንም አታንሺበት፤ እሱም አያነሣብሽም። ድንቹ ሳይበርድ ብሉ ብቻ።

ፈህሚያን ሳሚልኝ፤ ሕፃኗን በኔ ስም ዝም አሰኚልኝ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ይመልስልሽ፣ በሰላም ያገናኘን። ዱዓሽ አይለየኝ፤ ከአፍሽ የወጣው ብቻ ይበቃኛል።

የመጨረሻ ልጅሽ